ከቤር ሼቫ የጠፋው ተራራ

አባባ ተራራ ጠፍቶባቸው ነበር። መነጽር አይደለም፣ ቁልፍ አይደለም፣ ተራራ! ስሜን አገር ቢሆን እሺ፤ እዚህ ቤር ሼቫ፣ መሬቱ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ባለበት ከተማ፣ ተራራ ጠፋብኝ የሚል ሰው ማን ያምነዋል? በሳምንት አንዴ ሁለቴ ጠዋት ጸሎታቸውን ያደርሱና ነጠላቸውን ጣል አድርገው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ከቤታችን፣ ሽኩና ዳሌት ከሚባለው ሰፈር፣ አውቶቡስ ይሳፈራሉ። ከከተማው ምዕራብ ጫፍ፣ አዲሶቹ ሰፈሮች ዘንድ ይወርዱና ያገኙትን ሁሉ «ሃር ኤይፎ?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ ተራራው የት ነው ማለታቸው ነው። ሰዉ ምን ይመልስላቸው? አንዳንዱ ውሃ ይሰጣቸዋል፣ አንዳንዱ ወንበር። አንድ ቀን የአውቶቡስ ሾፌር ይዟቸው መጣ፤ ሌላ ቀን አንዲት ዳቦ ሻጭ ሱቋን ዘግታ፣ እጃቸውን ይዛ እስከ ደጃችን አደረሰቻቸው። እኔ በሀፍረት መሬት ልግባ እላለሁ፤ እሳቸው ሴትዮዋን መርቀው መርቀው ሲያበቁ ወደ እኔ ዞረው «ዛሬም አላገኘሁትም» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን የመጣን ጊዜ መጀመሪያ ያሰፈሩን ከከተማው ውጭ፣ ካራቫን ውስጥ ነበር፤ በረድፍ በረድፍ የተደረደሩ የቆርቆሮ ቤቶች፣ በዙሪያቸው አሸዋና ነፋስ። በዚያው ዓመት የስግድ በዓል ደረሰ። ስግድ የእኛ የቤተ እስራኤል በዓል ነው፤ ለማያውቅ ልንገር፦ ያን ቀን ጾመን፣ ነጭ ለብሰን፣ ድንጋይ በራሳችን ተሸክመን ከፍ ያለ ቦታ እንወጣለን። ድንጋዩን አናት ላይ እናስቀምጠዋለን፣ ቄሶቹ ኦሪት ያነባሉ፣ እኛ እንሰግዳለን፣ ከሰዓት ወርደን እንበላለን። በዚያ በመጀመሪያው ስግድ ከካራቫኖቹ ጀርባ ያለ ተራራ ላይ ወጥተን ሰገድን ይላሉ አባባ። እዚያ ተራራ ላይ ስለት ተስለዋል። ስለቱ ደርሶላቸዋል። ማስገባት ያለባቸው እዚያው፣ የተሳሉበት ቦታ ላይ ነው። ተራራው ግን የለም።

ስለምን እንደተሳሉ አይናገሩም። በእኛ ቤት ስለት ሳይገባ አፍ ላይ አይወጣም። እማማም ነፍሳቸውን ይማርና ሳይነግሩን አለፉ።

አሁን ወደ ታላቅ እህቴ ልምጣ፤ እኔ እትዬ ነው የምላት። እትዬ የምትኖረው ሽኩና አሌፍ ነው፣ የምትሠራው የሽማግሌዎች መጦሪያ ውስጥ ነው፣ ቀኑን ሙሉ የሰው አባትና እናት ስታጥብና ስታጎርስ ትውላለች። ስለዚህ ስለ እርጅና ከእሷ ፊት አፍ የሚከፍት የለም። «እንዲህ ነው የሚጀምራቸው» አለችኝ። «አንዷ የሞተ በሬዋን ትፈልጋለች፣ አንዱ በልጅነቱ የተሻገረውን ወንዝ ይፈልጋል። የአባባ ደግሞ ተራራ ሆነ። አንድ ቀን መኪና ይበላቸዋል፣ ያኔ ታለቅሻለሽ!»

«እኔም እኮ ተራራውን አስታውሰዋለሁ» አልኳት። እውነቴን ነው። ልጅ ነበርኩ፣ ድንጋይ ራሴ ላይ ይዤ የእማማን ቀሚስ ጨብጬ ስወጣ፣ አፈሩ ከእግሬ ስር ሲንሸራተት፣ ጫማዬ አሸዋ ሲሞላ ትዝ ይለኛል።

«ልጅ ነበርሽ። ለልጅ ደረጃም ተራራ ነው።»

እሷ አልነበረችም እኮ! ተድራ ሩቅ አገር ነበር የምትኖረው፤ ወሬው ሳይደርሳት አውሮፕላኑ እኛን ይዞ ሄደ፣ እሷ ከዓመታት በኋላ ነው የመጣችው። ይሄን ብናገር ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። «አዎ፣ ጥላችሁኝ ስትመጡ» ትላለች። ይቺ ቃል ከአፏ ከወጣች በቤታችን ወሬ አለቀ ማለት ነው፤ አባባ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ እኔ ሳህን ላጥብ እነሣለሁ።

ባለፈው መከር ስግድ ሲቃረብ ሐኪም አባባን ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው አውቶቡስ ላይ እንዳይወጡ ከለከላቸው። እግራቸው ያብጣል። እትዬም ከስግድ በኋላ ባለው ሳምንት የጭንቅላት ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አስያዘችላቸው፤ ሐኪሙ «አዎ፣ ተምታቶባቸዋል» ካለ ከእሷ ዘንድ መጦሪያ ሊገቡ ነው። እዚያ በሩ በቁጥር ነው የሚከፈተው። ወደ ተራራ ፍለጋ መውጣት አለቀ። አባባ ይሄን ከሰሙ ወዲህ ሲወጡ ሲገቡ «ሳላስገባው ልሙት?» ይሉ ጀመር። አንጀቴን በሉት። ያንን ተራራ በስድስቱም ቀን ሥራ መሃል በየት በኩል ልፈልገው?

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሽኩና ቤት በሚባለው ሰፈር አንዲት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፤ ሱሪ አሳጥራለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ የሠርግ ቀሚስ አጠባለሁ፣ አንዳንዴም ክርና መርፌዬን አስቀምጬ ከደንበኛ ጋር እጨቃጨቃለሁ። አንድ ቀን አንዲት ሸምገል ያለች፣ ጸጉሯን እንደ ወንድ የተቆረጠች ሴት ዚፑ የተበላሸ ካፖርት ይዛ መጣች። ጀርባዋ ላይ ረጅም የፕላስቲክ ቱቦ አንግታለች።

«ምንድነው እሱ፣ ጠመንጃ ነው?» አልኳት። እኔ ምን አገባኝ አልልም፣ ይሄ አመሌ ነው።

«ከተማው ነው» አለችኝ።

«የቱ ከተማ?»

«ቤር ሼቫ። ሙሉውን ነው የያዝኩት።» ሳቀች። ዕድሜዋን ሙሉ መሬት ስትለካ የኖረች ቀያሽ ናት፤ ጡረታ ከወጣች ወዲህ ከተማው እንዴት እንዳደገ የሚያሳዩ የድሮ ካርታዎች ትሰበስባለች፣ ለኤግዚቢሽን እያዘጋጀች ነው። «ላሳይሽ?» አለችኝ። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የሰው ሱሪ ሁሉ ጠራርጌ ወንበር ላይ ከመርኩት።

አቤት! ምን ልበላችሁ! መጀመሪያ የዘረጋችው ቱርኮች የሠሩት ከተማ ነው፤ ትንሽዬ፣ መንገዱ ሁሉ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ልክ እንደ ዳማ ሸሚዝ። ከሱ ውጭ ምንም የለም፤ ደረቅ ወንዝ፣ የግመል መንገድ፣ የጉድጓድ ምልክት። ከዚያ በስስ ፕላስቲክ ላይ የተሠራ ሌላ ካርታ አመጣችና በላዩ ደረበችበት። የመጀመሪያው ከስር ይታያል፣ አዲሱ ከላይ። ከተማው ወደ ሰሜን እግሩን ዘረጋ! ሽኩና አሌፍ ብቅ አለ። ሌላ ደረበች፣ ሽኩና ቤት፤ የራሴ ሱቅ ያለበት ሕንጻ እንደ ሩዝ ፍሬ ታየኝ። «ይቺ ነኝ! እዚህ ነው የቆምነው!» ብዬ ጮህኩ፤ ከደጅ የሚያልፍ ሰው ዞሮ አየኝ፣ ይየኝ። እኔ ልብስ ስቆርጥ እንዲሁ ነው የማደርገው፤ ስስ ወረቀት በወረቀት ላይ ደርቤ ልኩ የት ጋ እንደሰፋ፣ የት ጋ እንደጠበበ አያለሁ። ከተማ ግን እንደ ልብስ ይሰፋል ብዬ በሕልሜም አስቤው አላውቅ!

«ሽኩና ዳሌትስ? የኛስ ቤት?»

«ቆይ» አለችና ወደ ኋላ ገለጠች። የእኛ ቤት ያለበት ቦታ ባዶ ነው። አንድ ቀጭን መንገድና የበዶዊን ድንኳን ምልክት ብቻ። ቀጣዩን ስትደርብበት ብሎኮቹ ተሰልፈው ቆሙ። እኔ እንደ ሕፃን «ድገሚው፣ ድገሚው» እላለሁ፣ እሷ ትደግመዋለች፤ ገለጥ ስታደርገው ሰፈሬ ይጠፋል፣ ሲመለስ ይመጣል። ካፖርቷን ሁለታችንም ረሳነው።

ያኔ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። «እኛ ከኢትዮጵያ የመጣንበት ጊዜ ካርታ አለሽ? ካራቫኖቹ የነበሩበት?»

«እዚህ የለኝም፣ ቤቴ ግን አለ። ለምን ፈለግሽው?»

ነገርኳት። አባባን፣ ስለቱን፣ ተራራውን፣ የእህቴን ቀጠሮ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «እዚያ አካባቢ ተራራ? እኔ እኮ ያንን መሬት በእግሬ ለክቼዋለሁ፣ ተራራ አላውቅም» አለችኝ። «ግን ካርታው እኔ የማላውቀውን ሊያውቅ ይችላል፤ ካፖርቴን ልወስድ ስመጣ አመጣዋለሁ» አለች። ያን ካፖርት በዚያው ቀን ሰፍቼ ጨረስኩት። ደወልኩላት፣ «ደርሷል፣ ነይ!» ደንበኞቼ ቢሰሙ ይታዘቡኝ ነበር፤ የእነሱ ሱሪ ገና ወረፋ ላይ ነው።

በማግስቱ መጣች። በሩን ዘግቼ «ተዘግቷል» የሚለውን ሰሌዳ ገለበጥኩ። መጀመሪያ እኛ ከመምጣታችን በፊት የነበረውን ካርታ ዘረጋች፤ የካራቫኑ ቦታ ሜዳ ነው፣ ጭረት የለበትም። «ከፍታ ያለው መሬት ቢሆን እንዲህ ክብ ክብ መስመር ይኖረው ነበር» ብላ በሌላ ቦታ ያለ ኮረብታ አሳየችኝ፤ መስመሮቹ አንዱ በአንዱ ውስጥ፣ እንደ ሽንኩርት። እዚህ አንድም የለም። እትዬ ልክ ልትሆን ነው አልኩ በሆዴ።

ከዚያ የእኛን ዓመት ደረበች። ካራቫኖቹ በረድፍ ተደርድረው ታዩኝ። ያቺ ጠርዝ ላይ ያለችው የእኛ ናት! ውሃ የምንቀዳበት፣ ልብስ የምናሰጣበት! ዓይኔን ወደ ኋላቸው ወሰድኩት። ከረድፎቹ ጀርባ፣ በባዶው ቦታ ላይ፣ ክብ። ክብ ውስጥ ክብ። ውስጡ ሌላ ትንሽ ክብ።

«እሰይ!» ብዬ ዘለልኩ። በሞቴ ነው የምላችሁ፣ ዘለልኩ! መቁረጫ ጠረጴዛውን በእጄ ደበደብኩት፣ የመርፌ ሳጥኔ ተገለበጠ። «አባቴ አላበዱም! አላበዱም!» ሴትዮዋን አንገቷን ይዤ ሳምኳት፤ እሷም ሳቀች፣ መነጽሯ ተጣመመ። እኔ እንባዬን በጠመኔ በነጣ እጄ እየጠረግሁ ፊቴን ዱቄት አስመሰልኩት።

እሷ ግን አጎንብሳ ካርታውን በማጉያ መነጽር ስታይ ቆየችና «አየሽ» አለች፤ ድምፅዋ ቀዝቀዝ አለ። «ይሄ ተራራ አይደለም። ተራራ በሁለት ካርታ መሃል አይበቅልም። በዚያን ጊዜ አጠገቡ አዲስ ሰፈር እየተሠራ ነበር፤ መሠረት ሲቆፈር የወጣውን አፈር ገልባጭ መኪና እያመጣ እዚህ ይደፋው ነበር። የአፈር ቁልል ነው።» ቀጣዩን ካርታ ደረበችበት። ክቦቹ ጠፉ፤ መንገዶች መጡ፣ ሕንጻዎች መጡ፣ ልክ አናቱ በነበረበት ላይ ደግሞ አንዲት ፍጹም ክብ የሆነች ነገር። «ኪካር ነው፣ መኪና የሚዞርበት አደባባይ። አፈሩን በትነው መሬቱን አስተካከሉበት።» እርሳስ አውጥታ ቦታውን ምልክት አደረገችልኝ፣ የእነዚያን ካርታዎች ቅጂም ሰጠችኝ። ለካፖርቱ ልትከፍል ስትል እጇን ገፋሁት።

ደስታዬ ከነበረበት ወርዶ ጉልበቴ ላይ ደረሰ። አባባ ያን ያህል ዓመት «ተራራዬ» ሲሉት የኖሩት የግንበኛ ትርፍ አፈር ነው? ይሄን እንዴት አድርጌ ነው የምነግራቸው? መጀመሪያ ለእትዬ ደወልኩ፤ ቢያንስ ቀጠሮውን ታነሳለች ብዬ።

«ተገኘ! ተራራው ነበረ! ካርታ ላይ አለ!» አልኳት። ከዚያም እውነቱን ነገርኳት።

«እና ቆሻሻ ክምር ላይ ወጥተው ነው የጸለዩት» አለች። «ይሄን ብትነግሪያቸው ይገድላቸዋል። አትንገሪያቸው። ቀጠሮው ባለበት ይሁን።»

«አፈር ነው፣ ቆሻሻ አይደለም!»

«ማ ፒትኦም! የምን ወሬ ነው! ምን ለያቸው?» ብላ ጆሮዬ ላይ ዘጋችብኝ። ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። እልህ ያዘኝ። ሳልነግራቸው ብቀር በየአውቶቡሱ ሲንከራተቱ ሊኖሩ ነው፤ እውነቱን ብነግራቸው ደግሞ ስለታቸው በምን ላይ እንደቆመ ያውቃሉ። እያሰብኩ ሽኩና ዳሌት ደረስኩ፣ እያሰብኩ ደረጃውን ወጣሁ።

አባባ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ካርታውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጋሁት። ማንበብ አይችሉም፣ ግን ረድፎቹን ገና ሲያዩ «ካራቫኖቹ!» አሉ። ጣታቸው በራሱ እየሄደ ወደ ጀርባ፣ ወደ ክቡ ደረሰና ቆመ። «ይኸው» አሉ። «ይኸውልሽ። ነበረ አላልኳችሁም?»

«ነበረ አባባ። ግን...» ካርታውን በመዳፌ አቃናሁት። «ግን አባባ፣ ካርታውን የሰጠችኝ ቀያሽ ተራራ አይደለም ትላለች። ገልባጭ መኪና የደፋው አፈር ነው አለች።»

አየኋቸው። ሊያለቅሱ ነው ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። እሳቸው ፍርፍር ብለው ሳቁ! ጥርስ በሌለው አፋቸው፣ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ!

«ታዲያ አላውቅም ብለሽ ነው? ሲደፋው ቆሜ አይቻለሁ እኮ!»

«እንዴ! ታዲያ ለምን ተራራ አሉት?»

«ወጥተን ሰገድንበት። ምን ልበለው ታዲያ?»

እዚያው በረንዳ ላይ ነገሩኝ። ወደ ኢየሩሳሌም የሚሄደው አውቶቡስ ሞልቶ ብዙው ሰው ቀረ፤ አራስ፣ በሽተኛ፣ ሽማግሌ። ቄሶቹ ከፍ ያለ ቦታ ቢፈልጉ፣ ቢፈልጉ ሁሉ ሜዳ። ከቆርቆሮ ቤቶቹ በላይ ከፍ ብሎ የሚታይ ያ አፈር ብቻ ነበር። አንዱ ቄስ «ይሄ እኮ ትናንት የመጣ ነው» አሉ፤ ሌላው «እኛስ መቼ መጣን?» ብለው መለሱላቸውና ተነሡ። ሰው ሁሉ ነጭ ለብሶ ድንጋይ ለቀመ። የካራቫኑ ዘበኛ ያን ያህል ሰው እጁ ላይ ድንጋይ ይዞ ሲያይ ድንጋይ ውርወራ ሊጀመር ነው ብሎ ፖሊስ ጠራ! ፖሊሶቹ በመኪና እየጮሁ መጥተው ሲያዩ፣ ሰዉ ድንጋዩን ራሱ ላይ አድርጎ በዝግታ እየወጣ ነው። ማንም ምንም አልወረወረም። የሚደፋውን አፈር ጭኖ የመጣ የገልባጭ ሾፌርም ነበር፤ ሞተሩን አጠፋና ሰዉ ጨርሶ እስኪወርድ ጎማው ላይ ተደግፎ ጠበቀ። «ሲጋራውን እንኳ አላበራም፣ ጨዋ ሰው ነበር» አሉ አባባ።

ከሳቄ ስመለስ ኪካሩን አሳየኋቸው፤ የእርሳሱን ምልክት። «አናቱ እዚህ ጋ ነበር። አሁን መኪና ይዞርበታል።»

«ደግ» አሉ። «ስግድ ዕለት ትወስጂኛለሽ። እህትሽንም ጥሪ።»

«እትዬ አትመጣም አባባ።»

«ጥሪያት አልኩ። ስንት ዓመት ነይ አንድ ቦታ አብረን እንፈልግ እያልኩ ለመንኳት፤ ሌላ ቀን አባባ፣ ሌላ ቀን ትለኛለች።»

የስግድ ዕለት ጠዋት ከግቢያችን ዛፍ ስር ብርቱካን የምታህል ድንጋይ መርጠው አነሡ። ጾማቸውን ናቸው፣ ነጭ በነጭ ለብሰዋል፣ እኔም ለብሻለሁ። ለእትዬ «ኪካሩ ላይ ነን» የሚል መልእክት ላክሁላትና አውቶቡስ ተሳፈርን። ስንወርድ ሰፈሩ ሁሉ ሥራ የሚሄድ መኪና ነው። ኪካሩ መሃሉ ሣር፣ ጥቂት የአበባ ቁጥቋጦ፣ ዙሪያው የድንጋይ ጠርዝ። አባባ ቆመው አዩት፤ ዱላቸውን ለእኔ ሰጡኝ፣ ድንጋዩን ራሳቸው ላይ አደረጉ፣ በአንድ እጃቸው ደገፉት። መኪናዎቹን እጄን ዘርግቼ አስቆምኩ። ሁሉም ጡሩንባ ነፋ። አባባ አልቸኮሉም። ጠርዙን ተሻግረው፣ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሣሩ መሃል ደረሱ። እኔ በደስታ የምሆነውን አጣሁ፤ ከዚህ ስር፣ ከሣሩ ስር፣ በልጅነቴ ጫማዬ ውስጥ የገባው አፈር አለ!

ያኔ እትዬ ደረሰች። መኪናዋን ግማሹን የእግረኛ መንገድ ላይ አውጥታ አቆመችው፤ የመጦሪያውን የሥራ ልብስ እንደለበሰች፣ ነጭ የሥራ ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች፣ እየሮጠች። «አብዳችኋል? ሁለታችሁም አብዳችኋል? ከዚያ አውርጃቸው! መኪና ይጨርሳቸዋል!» ኪካሩ ዳር መጥታ ቆመች እንጂ አልተሻገረችም። «አባባ፣ ይበቃል፣ ይምጡ፣ ቤት እንሂድ።»

አባባ ድንጋዩን ከራሳቸው አውርደው ሣሩ ላይ አስቀመጡት። ቀና አሉ።

«አንቺን ነው የተሳልኩት» አሉ።

«ምን?»

«ሁላችንም ገብተን አንቺ ብቻ ቀረሽ። እዚህ ላይ ወጥቼ፣ ልጄን አምጣልኝ፣ ካመጣህልኝ ይቺኑ መሬት በእግሯ አስረግጣታለሁ ብዬ ተሳልኩ። አመጣሽ። የመጣሽ ሳምንት ቦታውን ላይ ብዬ ብቻዬን መጣሁ፤ ትራክተር አፈሩን እየበተነው፣ ተራራው የለም። የት ወስጄ ላቁምሽ? ሕንጻ ሲሠራበት ደግሞ ቦታው ራሱ ጠፋብኝ። ዕዳ ሆኖብኝ ኖረ። ማስገቢያው አንቺ ነሽ እንጂ እኔ አይደለሁም ልጄ።»

እትዬ ጠርዙ ላይ እንደቆመች ቀረች። «ጥላችሁኝ ስትመጡ» የምትለዋን ቃል እጠብቅ ነበር፤ አልመጣችም። አፏን በመዳፏ ይዛ አባባን ብቻ ታያለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ነጠላ ጫማዋን አወለቀች። በባዶ እግሯ የድንጋዩን ጠርዝ ተሻገረች፣ ሣሩን ረግጣ ከአባባ ጎን ደርሳ ቆመች። አባባ እጃቸውን ራሷ ላይ ጭነው በግዕዝ ደገሙላት፣ ድምፃቸው በጡሩንባው መሃል ይጠፋል፣ ይመለሳል። እሷ ታለቅሳለች። እኔማ አታንሱት፣ መንገድ መሃል ቆሜ እልል አልኩ!

አንድ ትልቅ መኪና የያዘ ሰው አጠገባችን ደርሶ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ መስኮቱን አወረደ። ነጭ የለበሱ ሽማግሌ፣ እልል የምትል ሴት፣ ጫማዋን ያወለቀች ሌላ ሴት። «ምን ሆናችሁ?» አለ በዕብራይስጥ። «መንገድ ጠፋችሁ እንዴ? ልርዳችሁ?»

ልመልስለት ስል እትዬ ቀደመችኝ። እንባዋን በክንዷ ጠረገችና ጮክ ብላ «ምንም አልጠፋንም!» አለችው። «ተራራ ላይ ነን፣ አታይም?»

ሰውዬው ዙሪያውን አየ፤ ሣሩን፣ ሕንጻዎቹን፣ ለጥ ያለውን መንገድ። ከዚያ እህቴን በሐዘኔታ አያት፣ እሷ አባባን ታይበት በነበረው ዓይን፣ መስኮቱንም ቀስ ብሎ ዘጋው።